ታይቷል፤ ጸድቋል

ሰኞ ጠዋት አለቃችን ወደ ጠረጴዛዬ መጡና እጃቸውን የወንበሬ መደገፊያ ላይ አሳረፉ። እጃቸው እዚያ ካረፈ ሥራ ሊጨመርብኝ ነው ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህ ምልክት አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።

«ወንድምሽ ሌላ ሥራ አግኝቶ ዓርብ ይለቃል። መቼም ነግሮሻል» አሉኝ።

«አዎ፣ ነግሮኛል» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ወንድሜ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ነግሮኝ አያውቅም። ቢሮው ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅ የለም። «ወንድምሽን ሰላም በይልን» ይሉኛል፤ «እሺ» እላለሁ፤ በማግስቱ «እሱም ሰላም ብሏችኋል» እላቸዋለሁ።

«እሱ ከሄደ የለውጥ ዝርዝሩን የሚጽፍልን አይኖርም። ለዚህ ብለን ደግሞ ሰው አንቀጥርም። ከማስታወሻዎቹ ላይ በራሱ እየለቀመ ዝርዝሩን የሚያወጣ ነገር ሥሪልኝ። ለዓርቡ እትም ይድረስ።»

«ይደርሳል።»

እጃቸውን አነሱና ሄዱ። እኔ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ።

ስምንት ሰዎች ነን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠን ለመድኃኒት ቤቶች ሶፍትዌር እንሠራለን፤ የቱ መድኃኒት የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ የትኛው መቼ ጊዜው እንደሚያልፍበት የሚያሳይ። በየወሩ አዲስ እትም እንልካለን፤ ከእትሙ ጋር ምን ምን እንደተለወጠ የሚናገር አንድ ገጽ ይሄዳል። የለውጥ ዝርዝር የምንለው ያን ገጽ ነው። የሚጽፈው ወንድሜ ነው፤ ከዚህ በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚርቅ ትንሽ ከተማ፣ እኔና እሱ ባደግንበት ቤት ተቀምጦ።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ከእኛ አንዱ ኮዱን ትንሽም ቢሆን ለውጦ ወደ ጋራ ማከማቻው ሲያስገባ ማስታወሻ ይጽፍበታል። መጀመሪያ አንድ አጭር መስመር፣ እንደ ርዕስ። ከዚያ አንድ መስመር ይዘለልና ከሥሩ የፈለጉትን ያህል መጻፍ ይቻላል። ማከማቻው ሁሉንም ይይዛል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። የምናይበት ገጽ ላይ ግን የሚታየው ርዕሱ ብቻ ነው። ከሥሩ የተጻፈ ነገር ካለ ከጎኑ ሦስት ትንንሽ ነጥቦች ይታያሉ፤ እነሱን ሲነኩ ይዘረጋል። እኔ ነክቼያቸው አላውቅም። ከርዕስ ሥር ያለው ማብራሪያ ነው፣ ማብራሪያ ደግሞ ለማይገባው ሰው ነው ብዬ።

ሌላም ሕግ አለን። የማንም ለውጥ ሌላ ሰው አይቶ ሳያጸድቀው አይገባም። የወንድሜን የማጸድቀው እኔ ነኝ። «ታይቷል፤ ጸድቋል» ብዬ እጽፍለታለሁ። እውነቱን ልናገርና አልጽፍም፤ ሁለት ቁልፍ ስነካ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲጽፈው አድርጌዋለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለወንድሜ ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

የተጣላነው በአንድ ስብሰባ ነው። ያኔ እሱም እዚሁ ቢሮ ውስጥ፣ ከፊት ለፊቴ ይቀመጥ ነበር። በአንድ እትም ላይ የቀን ስሌት ተዛባና ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶች ለሁለት ቀን «ደህና» ተብለው ታዩ። ደግነቱ ማንም ሳይጎዳ ተደረሰበት። አለቃችን ሁላችንንም ሰብስበው «የማን ሥራ ነው?» ሲሉ የወንድሜን ስም ጠራሁ። እውነት ነው፣ የሠራው እሱ ነው። ያጸደቅኩት ግን እኔ ነበርኩ፤ ያውም ሳላነብ። ያቺን ግማሽ እውነት ዋጥ አደረግኳት። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጠብቀው፤ የቱን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ወረቀቶቼን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀኝና «እቴቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልደውልልሽም፣ አንቺም አትደውይልኝ» አለኝ።

«ደስ እንዳለህ» አልኩት።

በሳምንቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አክስታችን ቤት ሄደ፤ ሥራውንም ከዚያ ሆኖ ቀጠለ። አክስታችን ነች ያሳደገችን። ያን ጊዜ ከሞተች ዓመት ሆኗት ነበር። ከእሷ ወዲያ እኔ ከእሱ፣ እሱም ከእኔ በቀር ዘመድ የምንለው የለንም፤ በመሃላችን ወሬ የሚያመላልስ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ስጣላ እጣላለሁ። አክስቴ «ይቺ ልጅ ሆዷ ውስጥ ድንጋይ አስቀምጣለች» ትል ነበር። ስለ አፍንጫዬም ትቀልድ ነበር፤ ከቤተሰቡ ይህን አፍንጫ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። «እሷ ምን አለባት፣ ዝናብ ቢዘንብ አፏ አይረጥብ» እያለች ወንድሜን በሳቅ ታፈርሰው ነበር።

ቤቴ ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ የልብስ ማስቀመጫ ሆኗል። ራቴን የምበላው ቆሜ ነው፤ ለአንድ ሳህን ብዬ ጠረጴዛ መጥረግ አይታየኝም። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቶቼ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ እነሱ ሲስቁ እኔም ሳላስበው ፈገግ የምልበት ጊዜ አለ። የልደት ቀኔን የሚያስታውሰኝ የጥርስ ሐኪሜ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ከወንድሜ የቀረችኝ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ስክሪኔ ላይ ብቅ የምትል አንዲት መስመር ነች። «ጥገና፦ የመለያ ቁጥር»፣ «ማሻሻያ፦ የፍለጋ ሳጥን»። እሷን ሳይ ልቤ ያርፋል። አለ፣ ተነስቷል፣ እየሠራ ነው እላለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሲጠፋ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ አለቃችን «ፈቃድ ወስዷል» ሲሉኝ «አዎ፣ ነግሮኛል» ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

አሁን ዓርብ ያቺም መስመር ልትቀር ነው። ከዓርብ በኋላ ወንድሜ በሕይወት መኖሩን እንኳ የማውቅበት መንገድ የለኝም። አንዱ ልቤ ደውዪ ይለኛል። ሌላው ልቤ ደግሞ አትደውይ የተባልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ ይላል። ሁለተኛው ልቤ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ማክሰኞ አለቃችን ያዘዙኝን አጭር ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱን፣ ጻፍኩት። ከባድ ነገር የለውም፤ ካለፈው እትም ወዲህ ያሉትን ርዕሶች ይሰበስባል፣ ጥገናውን ከጥገና፣ አዲሱን ከአዲስ ጋር ይደረድራል፣ ገጽ አድርጎ ያወጣል። ከሰዓት በኋላ የወጣውን ከጎኔ ለምትቀመጠው ፈታሽ አሳየኋት። ቢሮው ውስጥ «ለቃሚዋ» ነው የምንላት፤ የፈሰሰ ስህተት ሁሉ እንደ ዶሮ ስለምትለቅም። ከሁላችንም ታናሽ ነች፤ ከሁላችንም የማትፈራኝም እሷ ነች።

ስክሪኔ ላይ ጎንበስ ብላ ጮክ እያለች አነበበች። «"ጥገና። እንደገና ጥገና። ይሄኛው እውነተኛው ጥገና። ምሳ ስለደረሰ እስከዚህ።" ይሄን ነው ለመድኃኒት ቤት የምትልኪው?»

«ሰዎቻችን የጻፉት ይሄንኑ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

«ወንድምሽ እኮ የሚያወጣው ከእነዚሁ ማስታወሻዎች ነው። የእሱን አላየሽም? "ኤክስፓየር ሊያደርግ አንድ ወር የቀረው መድኃኒት ካሁን በኋላ በቢጫ ይታያል፤ ቢጫ ካዩ አይደንግጡ፣ ገና ጊዜ አለዎት።" እንደ ሰው ነው የሚያወራው። ከየት ያመጣዋል ብለሽ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ከሥር ነዋ! ሰው ከርዕሱ ሥር የሚጽፈውን አንድ በአንድ ያነባል። ስምንታችንንም ያነባል። አንቺ ሥሩን አታነቢም እንዴ?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። እሷ ግን ትክክል ነበረች፤ ደግሞ ትክክል ስትሆን ነው የበለጠ የምታናድደኝ።

ረቡዕ ጠዋት ስክሪፕቱ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውንም እንዲያነብ። በአንድ ወር ማስታወሻ ከምሞክረው ብዬ ማከማቻው ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰጠሁት። ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ትልቅ ሰነድ አወጣልኝ። መስመሮቹ በትክክል መሰበራቸውን ለማየት እየጠቀለልኩ ስወርድ፣ በአንድ ጥገና ሥር «እቴቴ» የሚል ቃል ዓይኔን ያዘው።

እቴቴ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው።

ርዕሱ «ጥገና፦ የቀን ስሌት» ይላል። ቀኑ ወንድሜ ቢሮውን ለቆ በሄደ በአሥረኛው ቀን ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«እቴቴ፣ አልደውልም አልኩ እንጂ አልጽፍም አላልኩም። ለውጦቼን የምታዪው አንቺ ስለሆንሽ እዚህ እጽፍልሻለሁ፤ ሌላ ሰው ቢያየው አያሳፍረንም። ቤቱ ደህና ነው። ጣራው እንደ ድሮው በመኝታ ቤቱ በኩል ያፈሳል። ባልዲውም ያው ቦታው ላይ ነው።»

ከዚያ ሥር የእኔ መልስ። ታይቷል፤ ጸድቋል።

ክው አልኩ። ቀጣዩን ፈለግሁ።

«ማሻሻያ፦ የፍለጋ ሳጥን። እቴቴ፣ ሰው ተዋወቅሁ። እዚህ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የእኛን ሶፍትዌር ቁጭ ብላ ስትሰድብ ሰምቼ "የሠራሁት እኔ ነኝ" ብዬ ገባሁ። እስካሁን ይቅርታ አላደረገችልኝም፣ ግን ነገ ሻይ እንጠጣለን።»

ታይቷል፤ ጸድቋል።

«ጥገና፦ የመለያ ቁጥር መደጋገም። እቴቴ፣ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ማዘጋጃ ቤት ጋብቻ እንፈራረማለን። በየወገናችን አንድ አንድ ምስክር አምጡ ተብለናል። በእኔ በኩል አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል። ያለፈውን አላነሳም። አራት ሰዓት ላይ ነው።»

ታይቷል፤ ጸድቋል።

በሁለተኛው ሳምንት፦ «ማስተካከያ፦ የአዝራር ቀለም። እቴቴ፣ ጎረቤታችንን ምስክር አደረግሁት። የአንቺን ወንበር እስከ አራት ከሩብ ይዤልሽ ነበር።»

ታይቷል፤ ጸድቋል።

ማቆም ፈልጌ ነበር፣ ግን አልቻልኩም። ዓይኔ ወደ ታች እየሮጠ ያቺን ሁለት ሳምንት የጠፋባትን ጊዜ ፈለገ። ከፈቃድ የተመለሰበት ቀን ላይ ደረስኩ። «ማስተካከያ፦ የህትመት ጠርዝ» ይላል ርዕሱ። ይህን ርዕስ አስታውሰዋለሁ፤ እሱን ሳይ «ተመስገን፣ ደህና ነው» ብዬ ነበር።

«እቴቴ፣ ሴት ልጅ ተወለደች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። እናቷም ደህና ናት። አፍንጫዋ ቁርጥ የአንቺ ነው፤ ምን ላድርግ፣ ተቀብዬዋለሁ። አክስታችን ብታየው ስንት ቀን ትስቅ ነበር። ነይና እያት።»

ከሥሩ «ታይቷል፤ ጸድቋል» የሚለው አለ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ስለነበር ከጎኑ አውራ ጣት የምታሳይ ምልክትም ጨምሬበታለሁ።

በ«እቴቴ» የሚጀምሩትን ብቻ ለይቶ እንዲያወጣልኝ አዘዝኩት። ሰባ አራት ናቸው። ልጅቷ ጥርስ አበቀለች። ልጅቷ ቆመች። ልጅቷ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል «ሂድ» ነው፣ በማን እንደወጣች አወቅሁ ይላል። እያደር ያጥራሉ። አምስት መስመር የነበሩት ሁለት፣ ሁለት የነበሩት አንድ ይሆናሉ። የመጨረሻው የተጻፈው የዛሬ ስምንት ወር ነው።

«ጥገና፦ ባዶ መስመር። እቴቴ፣ ሁሉንም እንዳየሽው አውቃለሁ፤ ታይቷል ትያለሽና። ካየሽው በኋላ ዝም ካልሽ መልስሽ እሱ ነው። ካሁን በኋላ ስለ ሥራ ብቻ እጽፋለሁ።»

ታይቷል፤ ጸድቋል።

ተነስቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩና በሩን ቆለፍኩ። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእሱ አይመስለኝም፤ ለራሴ ነው። ስድስት ዓመት ማንም አይፈልገኝም እያልኩ ለራሴ ሳዝን ነበር። በወር አንድ ሁለት ጊዜ በሬ ይንኳኳ ነበር፣ የማልከፍተው እኔ ነበርኩ። ቆሜ ስበላ፣ የጎረቤት ሳቅ ስሰማ፣ በዚያው ሰዓት ወንድሜ ነይና እያት ብሎ ጽፎ መልስ እየጠበቀ ነበር። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ለቃሚዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ስህተት አገኘሁ።»

«የማን?»

«የእኔ» አልኩ። ይህን ቃል ቢሮው ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ስልኬ ላይ የያዝኩት የድሮ ቁጥሩ ነው፤ «አገልግሎት ላይ አይደለም» አለኝ። አዲሱን ቁጥር ከአለቃችን እንዳልጠይቅ፣ እሳቸው በየሳምንቱ የምንደዋወል ነው የሚመስላቸው። በቢሮው የመልእክት መስኮት ልጽፍለት ከፈትኩ፤ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። እሱ ለዓመታት በአንድ በር ሲያንኳኳ ኖሮ እኔ በመስኮት ብቅ ልል? መልስም የሚሰጠው በተጠራበት በኩል ነው አልኩ።

ሐሙስ ስክሪፕቱን ጨረስኩና የሚያጸድቀው ሰው አድርጌ ወንድሜን መረጥኩ። ተገቢም ነው፤ የእሱን ሥራ ነው የሚተካው። ርዕሱን «አዲስ፦ የለውጥ ዝርዝር ማውጫ» አልኩት። አንድ መስመር ዘለልኩ። ከዚያ ከሥሩ ጻፍኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከርዕስ ሥር አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም ነበር። ሃያ መስመር ያህል ጽፌ መልሼ አጠፋሁት፤ ሰበብ በዝቶበት ነበር። በመጨረሻ አራት ዓረፍተ ነገር ቀረኝ። ያቺ የዋጥኳት ግማሽ እውነት ሦስተኛው ላይ ናት። ላኩት።

ያን ቀን መልስ አልመጣም።

ዓርብ በጠዋት ገብቼ ተቀመጥኩ። የወንድሜ መግቢያ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ አለቃችን ነግረውናል። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ለቃሚዋ ሻይ አመጣችልኝ፤ በረደ። ርዕሴ ከነሦስት ነጥቧ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላለች። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ከሥሯ አዲስ መስመር ብልጭ አለ።

ታይቷል፤ ጸድቋል።

ከጎኑ ሦስቱን ነጥቦች ፈለግሁ። የሉም። ገጹን ዘግቼ ከፈትኩት። የሉም። ሥር የለውም፤ ሁለት ቃል፣ ሌላ ምንም።

እነዚያ ሁለት ቃላት ምን እንደሚመስሉ እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። ሰባ አራት ጊዜ የላክኋቸው እኔ፣ አንዴ ብቻ ተቀብያቸው ውሃ ሆንኩ። ወንድሜ ይህን ሰባ አራት ጊዜ ቻለው። ከምስክርነቱ በኋላ ቻለው፣ ከልጅቷ በኋላ ቻለው፣ ደግሞም ተነስቶ ጻፈልኝ።

አሥር ሰዓት ላይ እትሙ ወጣ። ዝርዝሩም ወጣ፣ ደህና ዝርዝር ነበር። አለቃችን እጃቸውን የወንበሬ መደገፊያ ላይ አሳርፈው «ጎበዝ!» አሉኝ። እጃቸው እዚያ አርፎ ሥራ ሳይጨምሩብኝ የሄዱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤቴ ገብቼ የልብሱን ወንበር አራገፍኩና ተቀመጥኩበት። ሁለተኛው ልቤ መናገር ጀመረ፤ ይኸው መልሱን ሰጠሽ፣ አየ፣ አጸደቀ፣ በቃው፣ ምን ትጠብቂያለሽ አለ። ልክ ነው፣ መልሱን ሰጥቶኛል። ግን እሱ ሰባ ሦስት ጊዜ ይህ መልስ እየተሰጠው አላቆመም። እኔ በአንዱ ልቆም ነው? አፍንጫህን ላስ አልኩት ሁለተኛ ልቤን፣ ጮክ ብዬ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ሰምተውኝ ይሆናል።

ቅዳሜ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። አራት ሰዓት ሙሉ አራቱን ዓረፍተ ነገሮች በልቤ ስደጋግም ሄድኩ። ስወርድ መናኸሪያው ወለል ላይ የዝናብ ውሃ ኩሬ ሠርቷል። ቤቱን እግሬ ራሱ አገኘው። አጥሩ ቀለም ተቀብቷል፤ በሩ ያው ነው፣ እጀታው ያው ወደ ግራ የተንጋደደው ነው። አንኳኳሁ። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ጠፉብኝ።

የከፈተችው ልጅ ወገቤ ጋ አትደርስም። አንድ እግሯ ላይ ካልሲ አለ፣ አንዱ ላይ የለም። ፊቷ መሃል፣ በዚያች ትንሽ ፊት ላይ፣ አፍንጫዬ ተቀምጧል።

«ማን ነሽ?» አለችኝ።

ከውስጥ የቧንቧ ውሃና የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ማነው የኔ እናት?» አለ ወንድሜ ከውስጥ።

«ሴትዮ ናት!»

«የምን ሴትዮ?»

ልጅቷ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ በደንብ መረመረችኝ። «አፍንጫዋ ትልቅ ነው!» ብላ ጮኸች።

ውሃው ተዘጋ። ከዚያ ዝግ ያለ የእግር ኮቴ መጣና ወንድሜ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። ፀጉሩ ሳስቷል። ሆድ አውጥቷል። እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ነው። ተያየን። ማናችንም ሰላም አላልንም።

«ዝርዝሩ ወጣ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ወጣ።»

«ጥሩ።»

«ማስታወሻዬን አየኸው አይደል?»

«የቱን?»

«ሐሙስ የላክሁልህን። ከሥሩ የጻፍኩትን።»

ግንባሩን ቋጠረ። «ትናንት አሥራ ሰባት ለውጥ ተከምሮብኝ ነበር። መግቢያዬ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሁሉንም አንድ ላይ አጸደቅኋቸው። አንቺ ደግሞ መቼ ነው ከሥር ጽፈሽ የምታውቂው? ምን ይላል?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። በጽሑፍ ያመለጥኩትን በአፌ ማለት ግድ ሆነብኝ።

«ሥሩን አላነብም ነበር» አልኩት። «አንድም ቀን። ሰባ አራቱንም ያየኋቸው ረቡዕ ነው።»

«ታይቷል ትዪኝ ነበር እኮ።»

«ኮምፒውተሩ ነው የሚለው። እኔ ሁለት ቁልፍ ነው የምነካው።»

ፎጣውን ከትከሻው ላይ አወረደ። «የማዘጋጃ ቤቱንም?»

«የማዘጋጃ ቤቱንም።»

«ስለ እሷም?» አለ፤ አረፋ የነካ ጣቱን ወደ ልጅቷ ቀስሮ።

«ስለ እሷም። ያን ቀን ስህተቱንም ሳላነብ ነው ያጸደቅኩት። አለቃችን ሲጠይቁ እኔ ነኝ ያጸደቅኩት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጅህን ማየት ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

አራቱም ወጡ። ወንድሜ የበሩን ጉበን ተደገፈ። እጁን ያደርቅ ይመስል ፎጣውን ደጋግሞ ይጨምቀዋል፤ ፎጣው ግን ደረቅ ነው። ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። እዚያው ደጅ ላይ ዞሬ እንድሄድ የሚነግረኝ መሰለኝ፤ ቢለኝም እውነት አለው።

«ስድስት ዓመት ጨካኝ ናት እያልኩ ኖርኩ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ለካ ሰነፍ ነሽ።»

«ሰነፍ ነኝ» አልኩ።

ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይስቅ ያልቅስ አልለየሁም፤ እሱም የለየው አይመስለኝም። ፎጣውን ሲያነሳ ዓይኑ ቀልቷል።

«ግቢ» አለኝ። «በሩ ይዘጋ፣ ልጅቷን ብርድ ይመታታል።»

ገባሁ። በመኝታ ቤቱ በኩል ውሃ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ልጅቷ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ ከኋላዬ ዘጋችው።